ልጆቹ ታርቀዋል፤ ወላጆቹ ደንብ እያረቀቁ ነው

ጥያቄ

ሰላም ለዓምዱ አዘጋጅ። የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ትልቁ ወንድ ነው፣ 9 ዓመቱ። ትንሿ 6 ዓመቷ ነው። የምንኖረው ብዙ ቤተሰብ አንድ ግቢ በሚጋራበት ሕንፃ ላይ ነው።

ከጥቂት ሳምንታት በፊት ልጄና የጎረቤቴ ልጅ በኳስ ተጣሉ። ልጁ 11 ዓመቱ ነው፤ ኳሱም የእሱ ነው። ሲሸነፍ ኳሱን ይዞ ቤቱ ይገባል። የዚያን ቀን ልጄ "አትገባም" ብሎ ገፋው። ልጁ ወድቆ ከንፈሩ ደማ። እናቱ መጥታ ግቢው እስኪሰማ ጮኸችብኝ፤ እኔም አልቀረሁባትም። በማግስቱ ልጆቹ አብረው ሲጫወቱ አየኋቸው። እኔና እሷ ግን እስከ ዛሬ ሰላም አንባባልም።

አሁን የግቢው ኮሚቴ ደንብ አርቅቆ በየቤቱ እያስፈረመ ነው። በግቢው ውስጥ ኳስ መጫወት ክልክል ነው ይላል። የተደባደበ ልጅ ለአንድ ወር ግቢ አይወርድም፤ ወላጁም የገንዘብ ቅጣት ይከፍላል። መነሻው የእኛ ልጆች ጠብ ነው ይባላል። ከዚያ በፊት ግን ኳስ የአንድ ሰው መኪና ስፖኪዮ ሰብሮ ነበር።

ባለቤቴ "የልጆች ነገር ነው፣ ተይው" ይላል። እኔ ደግሞ በረንዳ ላይ ቆሜ ሳያቸው ብዙ አስባለሁ። ቡድን ሲከፍሉ፣ ሲጨቃጨቁ፣ አንዱ ሲያኮርፍ፣ አንዷ ስታስታርቅ። አገር የሚመሩትም ከዚህ የተለየ ነገር የሚያደርጉ አይመስለኝም። ሁለተኛ ፎቅ ያለው ልጅ እንኳ ሲናገር ስለሚንተባተብ እያሾፉበት መውረድ ትቷል፤ ልጆች መቼም እንዲህ ናቸው። ወረቀቱ እኔ ጋ ደርሷል። ልፈርም ወይስ አልፈርም?

ከበረንዳዋ

መልስ

እህቴ፣

አትፈርሚ። ቢያንስ አሁን በተጻፈበት መልኩ አትፈርሚ። ለምን እንደሆነ እነግርሻለሁ። ግን ከወረቀቱ ይልቅ እኔን ያሳሰበኝ ደብዳቤሽ ውስጥ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያለፍሽው ጉዳይ ነው። እሱ ጋ እንደርሳለን።

መጀመሪያ ጠቡን እንየው። አንዱ ገፋ፣ አንዱ ወድቆ ደማ፣ በማግስቱ አብረው ተጫወቱ። ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሣሩ ነው ይባላል። እናንተ ግቢ ግን ሣሩ ተጣልቶ ከታረቀ በኋላ ነው ዝሆኖቹ የገቡት።

ልጆች ቶሎ የሚታረቁት ልባቸው ከእኛ ልብ ስለሚነጻ ብቻ አይመስለኝም። ስለሚፈላለጉ ነው። ጨዋታው ነገም አለ። ተጫዋች ከጎደለ ደግሞ ጨዋታው ይበላሻል። ስለዚህ ኩርፊያ ያከስራቸዋል። አዋቂ ግን ጎረቤቱን ሳያናግር ዓመት ሊኖር ይችላል። ምንም አይጎድልበትም፣ ወይም የጎደለው አይታወቀውም። ባለቤትሽ "የልጆች ነገር ነው" ሲል ይህን ማለቱ ከሆነ ግማሽ እውነት አለው።

በረንዳ ላይ ቆመሽ የምታስቢውም ከንቱ ሐሳብ አይደለም። ስዊዘርላንዳዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ዣን ፒያዤ ልክ እንዳንቺ ልጆች ሲጫወቱ ቁጭ ብሎ ያይ ነበር። እሱ ያየው ብይ ሲጫወቱ ነው። "እስቲ ሕጉን አስተምሩኝ። ማን አወጣው? መቀየርስ ይቻላል?" እያለ ይጠይቃቸዋል። ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1932 አሳተመ። ትንንሾቹ ሕጉ ከትልልቅ ሰዎች የመጣና የማይነካ ነው ብለው ያምናሉ። በተግባር ግን እንደፈለጋቸው ነው የሚጫወቱት (ይህ ነገር ልጆች ላይ ብቻ አይታይም)። ከ10 ዓመት ወዲያ ያሉት መልሳቸው ሌላ ነው። ሕጉ እኛ የተስማማንበት ነው፣ ሁላችንም ከተስማማን እንቀይረዋለን ይላሉ። እንግዲህ ልጅሽ 9፣ ያኛው 11 ዓመቱ ነው። ሁለቱም ልክ በዚህ መሸጋገሪያ ዕድሜ ላይ ናቸው። ሕግ ማውጣትን የሚማሩት አሁን ነው።

የተጣሉበትን ነገር ደግሞ ልብ በዪ። ኳሱ የአንዱ ነው፣ ጨዋታው የሁሉም። ባለ ኳሱ ሲሸነፍ ይዞት ከገባ የሌሎቹ መብት ምን ይሆናል? ቀላል ጥያቄ እንዳይመስልሽ። አገሮች በወንዝና በወደብ የሚከራከሩት ከዚህ ብዙም በማይርቅ ነገር ነው። ልጅሽ የሰጠው መልስ፣ መግፋት፣ ስህተት ነው። የተነሳበት ጥያቄ ግን ተገቢ ነበር። ሁለቱን ለይተሽ ንገሪው። "መግፋትህ ልክ አይደለም። የተናደድክበት ምክንያት ግን ይገባኛል። ሌላ ጊዜ ምን ብታደርጉ ይሻላል?" ብለሽ ጠይቂውና ዝም በዪ። መልሱን አንቺ አትስጪው። ምናልባት "ኳስ ያመጣ ልጅ መጀመሪያ ተጫዋች ይመርጣል፣ ግን ጨዋታው ሳያልቅ ኳሱን አይወስድም" ይል ይሆናል። ምናልባት የተሻለ ያመጣል። በዚህ ዓይነት ነገር ልጆች ከኮሚቴ ይሻላሉ። ስብሰባቸውም አጭር ነው።

ወይ ደግሞ ከየቤቱ ተዋጥቶ የጋራ ኳስ ይገዛ። ቅጣት ሊሰበስብ የተዘጋጀ ኮሚቴ የአንድ ኳስ መዋጮ መሰብሰብ አያቅተውም።

አሁን ወደ ወረቀቱ እንምጣ። ደንብ መውጣቱን አልቃወምም። ብዙ ቤተሰብ አንድ ግቢ ሲጋራ ደንብ ያስፈልጋል። ጥያቄው ምን ዓይነት ደንብ ነው የሚለው ነው። አሜሪካዊቷ ምሁር ኤሊኖር ኦስትሮም ዕድሜዋን ሙሉ ያጠናችው ይህንኑ ነው። ሰዎች የዓሣ ማጥመጃ ቦታን፣ የመስኖ ውኃን፣ የግጦሽ መሬትን፣ ደንን በጋራ ይዘው እንዴት ሳይጣሉ ይኖራሉ? በዚህ ሥራዋ እ.ኤ.አ. በ2009 የኖቤልን የኢኮኖሚክስ ሽልማት አገኘች፤ በዚህ ዘርፍ ሽልማቱን ያገኘች የመጀመሪያዋ ሴት ናት። ለረጅም ጊዜ የቆዩትን ማኅበረሰቦች ስታያቸው የሚመሳሰሉበት ነገር አለ። ደንቡ የሚነካቸው ሰዎች ደንቡን በማውጣትና በማሻሻል ይሳተፋሉ። ቅጣቱ ከትንሽ ይጀምርና ጥፋቱ ሲደጋገም ከፍ ይላል። ጠብ ሲነሳ በቅርብ፣ በፍጥነት፣ ያለ ብዙ ወጪ የሚታይበት መንገድ አላቸው።

የእናንተን ረቂቅ በዚህ መዝኚው። ግቢውን ከሁሉ በላይ የሚጠቀሙት ልጆች ናቸው፤ የጠየቃቸው ግን የለም። ቅጣቱ ከመጀመሪያው ጥፋት አንድ ወር ነው። ለአዋቂ አንድ ወር ምንም አይደለም። ለ9 ዓመት ልጅ ግን ጓደኞቹ ያለ እሱ ሌላ ቡድን የሚመሠርቱበት ጊዜ ነው። "የተደባደበ ልጅ" ይላል እንጂ ማን ጀመረ፣ ማን ራሱን ተከላከለ ብሎ የሚጠይቅ የለም። የገንዘብ ቅጣቱ ደግሞ ከሁሉ የከፋው ነው። ለአንዱ ቤት የኪስ ገንዘብ ነው፣ ለሌላው የወር ወጪ ያናጋል። ቀኑን ሙሉ ሥራ የምትውል፣ ልጆቿን ብቻዋን የምታሳድግ እናት በሌለችበት ለተነሳ ጠብ ትከፍላለች። ጠቡም አይቀንስም። የሚቀንሰው ለወላጅ መናገር ነው። "እማዬ ካወቀች ትከፍላለች" ብሎ ያሰበ ልጅ ቁስሉን ይደብቃል።

ይህ መንገድ በትልቁ ተሞክሯል። አሜሪካ ውስጥ ብዙ ትምህርት ቤቶች እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ጀምሮ "ዜሮ ቶለራንስ" የሚባለውን አሠራር ያዙ። ምክንያትና ሁኔታ ሳይጠየቅ፣ ያጠፋ ይታገዳል። መነሻው የጦር መሣሪያና አደገኛ ዕፅ ነበር። ቀስ በቀስ ግን ለጥቃቅን ጥፋትም ይሠራበት ጀመር። የአሜሪካ የሥነ ልቦና ማኅበር ያቋቋመው ቡድን ያሉትን ጥናቶች መርምሮ እ.ኤ.አ. በ2008 ውጤቱን አወጣ። አሠራሩ ትምህርት ቤቶችን የበለጠ ሰላማዊ እንዳደረገ የሚያሳይ ማስረጃ አላገኘም። መታገድ ይልቁንም ወደፊት ከሚመጣ ሌላ ጥፋትና ትምህርት ከማቋረጥ ጋር ይያያዛል። ይህን ለኮሚቴው ብትነግሪያቸው አይከፋም። ትልቅ በጀት ያለው መንግሥት ያልተሳካለትን በአንድ ገጽ ወረቀት ለማሳካት ነው የተነሱት።

አንድ ጥርጣሬ አለኝ። ይህ ደንብ የመጣው ከልጆቹ ጠብ ሳይሆን ከስፖኪዮው ይመስለኛል። ጠብ ቢሆን ኖሮ ኳስ መከልከል ምን አመጣው? ልጆች በገመድም በብይም ይጣላሉ። በፖሊሲ ዓለም ይህ የተለመደ ነው። አንድ ቅሬታ ቆይቶ ቆይቶ፣ አንድ ቀን የሁሉንም ጆሮ የሚስብ ነገር ሲፈጠር በእሱ ላይ ተሳፍሮ ይወጣል። ባለ መኪናው ቅር ቢለው እውነቱን ነው፤ ስፖኪዮ ርካሽ አይደለም። ግን የእሱ ቅሬታ የራሱ መልስ አለው። የሰበረው ልጅ ወላጅ ይክፈል ወይም ወጪውን ይጋሩ። መኪና የሚቆምበትና ኳስ የሚጫወቱበት ጥግ ይለይ። ባለ መኪናው ካሳውን ካገኘና መኪናው ከኳስ ከራቀ፣ ክልከላውን እሱ ራሱ ላይፈልገው ይችላል። ሄደሽ ብታነጋግሪው ጥሩ ነው፤ ከኮሚቴው በፊት ብታነጋግሪው ደግሞ ይበልጥ ጥሩ።

"ግቢው ለመኪና ነው ለልጅ?" የሚለው ክርክር ይነሳ ይሆናል። ቢነሳ አትፍሪው። ኔዘርላንድስ ውስጥ "ቮንኤርፍ" የሚባል የመኖሪያ ሰፈር መንገድ አለ። ከዴልፍት ከተማ የጀመረ ሐሳብ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1976 ሕጋዊ እውቅና አገኘ። በዚያ መንገድ እግረኛ ሙሉውን ስፋት መጠቀም ይችላል። ልጆች መሐሉ ላይ መጫወት ይፈቀድላቸዋል። መኪናው ነው በእግር ጉዞ ፍጥነት የሚያልፈው። ጫጫታው ነው የረበሸን የሚል ካለ ደግሞ ጀርመን እ.ኤ.አ. በ2011 ሕጓን አሻሽላ ከመዋዕለ ሕፃናት፣ ከመጫወቻ ስፍራና ከመሳሰሉት የሚወጣ የልጆች ድምፅ በመርሕ ደረጃ እንደ ጎጂ ጫጫታ አይቆጠርም ብላለች። ከዚያ በፊት ጎረቤቶች በልጆች ድምፅ ምክንያት ፍርድ ቤት ይሄዱ ነበር። የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ስምምነትም አለ። እ.ኤ.አ. በ1989 የጸደቀ ነው፤ ከአሜሪካ በቀር ሁሉም አባል አገሮች ተቀብለውታል። አንቀጽ 31 የመጫወት መብትን ይደነግጋል። አንቀጽ 12 ደግሞ ልጅ በሚነካው ጉዳይ ሐሳቡ ይሰማ፣ እንደ ዕድሜውና እንደ ብስለቱም ክብደት ይሰጠው ይላል። ይህን ጠቅሰሽ ኮሚቴውን ፍርድ ቤት ታቆሚያለሽ ማለቴ አይደለም። ጨዋታ በአዋቂዎች መልካም ፈቃድ የሚሰጥ ስጦታ እንዳልሆነ ለማስታወስ ግን ይጠቅማል።

አሁን ያልኩሽ ጉዳይ ላይ ደረስን።

ስለ ኳሱ፣ ስለ ከንፈሩ፣ ስለ ጎረቤትሽ ጩኸት፣ ስለ ኮሚቴው ዘርዝረሽ ጻፍሽ። ስለ ሁለተኛ ፎቁ ልጅ ግን አንድ መስመር ብቻ። "ልጆች መቼም እንዲህ ናቸው" ብለሽ አለፍሽው። ያ ልጅ አልተደባደበም። ኳስ አልመታም። አይጮኽም። የማንንም መኪና አልነካም። ኮሚቴው ባረቀቀው ደንብ ሲታይ በግቢው ውስጥ ምርጡ ልጅ እሱ ነው። የተጎዳውም እሱ ነው።

ጩኸት ያለበት ቦታ ሕግ ይፈጥናል። ዝምታ ባለበት ቦታ ግን ማንም ዞር ብሎ አያይም። በአገርም በግቢም ያው ነው። ደም የወጣበት ጠብ በማግስቱ አለቀ። ደም ያልወጣበት ግን ይኸው ልጁን ቤት አስቀምጦታል።

ጠብና ጥቃት አንድ አይደሉም። በኖርዌይ የሠራው ስዊድናዊ ተመራማሪ ዳን ኦልዌውስ እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ ይህን ለይቶ አጥንቷል። እኛ በዘመኑ አነጋገር "ቡሊ ማድረግ" የምንለው ነገር ሦስት ምልክት አለው። ሆን ተብሎ ይደረጋል። ይደጋገማል። አቅማቸው እኩል አይደለም፤ የሚጠቃው ልጅ ራሱን መከላከል ይቸገራል። ልጅሽና ባለ ኳሱ ልጅ ይህ የላቸውም። አንዱ ኳስ አለው፣ አንዱ ጉልበት። ተመጣጥነዋል፤ ስለዚህ ተጣልተው ታረቁ። ቃሉ አልወጣ ሲለው ብዙ ሆነው የሚስቁበት ልጅ ግን ከማን ጋር ይታረቃል? አልተጣላም እኮ።

ኖርዌይ ይህን በቁም ነገር የያዘችው በከባድ ዋጋ ነው። እ.ኤ.አ. በ1982 መጨረሻ ሦስት ወንዶች ልጆች ሕይወታቸውን አጠፉ። ምክንያቱ እኩዮቻቸው ያደረሱባቸው ከባድ ጥቃት ሳይሆን እንደማይቀር ተነገረ። በተከታዩ ዓመት መንግሥት በትምህርት ቤቶች አገር አቀፍ ዘመቻ ጀመረ። ይህን የምጽፈው ላስደነግጥሽ አይደለም። ትኩረት እንድትሰጪው የምፈልገው የኦልዌውስን መንገድ ነው። ማባረርና ማገድ ላይ አላተኮረም። በእረፍት ሰዓት አዋቂ በቅርብ ይኑር፣ ልጆቹ በክፍላቸው ተሰብስበው ይነጋገሩ፣ አጥቂውንም ተጠቂውንም ወላጆቻቸውንም አዋቂ ለየብቻ ያነጋግራቸው የሚል ነው። ግቢ ውስጥም ይሠራል። አንድ አዋቂ በተራ ወርዶ መቀመጥ ብቻ ብዙ ነገር ይለውጣል፤ ስልኩን ካስቀመጠ ማለቴ ነው።

ባለቤትሽ ስህተት የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። ጠብ ለልጆች ይተዋል። እንዲህ ያለው ለልጆች አይተውም።

ደፈር ብዬ ልጠይቅሽ። ከሚያሾፉት መካከል ልጅሽ አለበት? ላይኖርበት ይችላል። ግን አላውቅም አትበዪ፤ እወቂ። "ታሾፍበታለህ?" ብለሽ ከጠየቅሽው "አላሾፍም" ይልሻል፣ ያኔ አለቀ። "ሰሞኑን ማን ማን ይወርዳል? እሱ ለምን ቀረ? ሲናገር ሌሎቹ ምን ይላሉ? አንተስ ያኔ ምን ታደርጋለህ?" እያልሽ በዝግታ ግቢበት። መልሱ "ዝም እላለሁ" ከሆነም ትልቅ መረጃ ነው። ቶሮንቶ ውስጥ ተመራማሪዎች ትምህርት ቤት ሜዳ ላይ ልጆችን በቪዲዮ እየቀረጹ ያጠኑት ጥናት አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2001 ታትሟል። አንድ ልጅ መሐል ገብቶ "ተዉት" ሲል ከግማሽ በሚበልጡት አጋጣሚዎች ጥቃቱ በ10 ሰከንድ ውስጥ ቆሟል። ስለዚህ ልጅሽን ጀግና ሁን አትበዪው። "ተዉት፣ ይጨርስ" የሚሉ ሁለት ቃላት ይበቁታል።

ስለ መንተባተብም ትንሽ ልበል፤ ብዙ ሰው በስህተት ነው የሚያውቀው። መንተባተብ የፍርሃት ወይም የአስተዳደግ ውጤት አይደለም። የሞኝነት ምልክትም አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከ2 እስከ 6 ዓመት ባለው ዕድሜ ነው፤ ዘር የራሱ ድርሻ አለው። ብዙ ልጆች ይተዋቸዋል፤ አንዳንዶች ጋ ይቆያል። ሲናገር "ቀስ በል፣ ተረጋጋ" አትበዪው። ቃሉን አንቺ አትጨርሺለት። ዓይኑን እያየሽ ጠብቂው፤ የሚለውን ስሚ እንጂ እንዴት እንደሚለው አትቁጠሪ። ይህንኑ ለልጆችሽ ንገሪያቸው። የ6 ዓመቷ ሳትቀድም አትቀርም፤ በዚያ ዕድሜ ነገሩን እንደ ነገር ነው የሚቀበሉት።

እናቱን ለብቻዋ አግኚያት፤ በሌሎች ፊት አይሁን። ምክር ይዘሽ አትሂጂ። "ልጅሽ መውረድ እንደተወ አየሁ፣ ምክንያቱንም የማውቅ ይመስለኛል፤ ምን ብናደርግ ይሻላል?" በያት። ምናልባት የምታውቀው ነገር ኖሮ ብቻዋን ተብሰልስላለች። ምናልባት ልጁ ምክንያቱን አልነገራትም። የንግግር ባለሙያ ማየቱን እሷ ካነሳችው አበረታቻት፤ ካላነሳችው በመጀመሪያው ቀን አትጀምሪው። ልጁን ደግሞ ወደ ግቢው ሙሉ ቡድን መልሶ መጣል አይጠቅምም። አንድ ልጅ፣ አንድ ጨዋታ፣ ቤት ውስጥ ይጀመር። ልጅሽ ካልፈለገ አትጫኚው። ተገዶ የሚጫወት ልጅ ያስታውቃል፣ ያኛውም ይገባዋል። እኩዩ የሆነ ሌላ ልጅ ይኖራል። ያቺ አስታራቂ ያልሻት ልጅስ?

ከጎረቤትሽ ጋር ያለው ነገር ቀላሉ ነው፤ አንቺ ግን ከባዱ ይመስልሻል። ሂጂና "ልጄ ልጅሽን ገፍቶ አድምቶታል፣ ይቅርታ" በያት። እዚያ ላይ አቁሚ። "ግን ልጅሽም ኳሱን..." ብለሽ አትቀጥዪ። ኳሱን ልጆቹ ይጨርሱታል። ልጇ ደምቶ ስታይ የጮኸች እናት ናት፤ አንቺም ብትሆኚ ዝም አትዪም ነበር። ሽማግሌ አትላኪ፣ ደብዳቤም በስልክ አትጻፊ። በደረጃ ላይ ስትገናኙ ሁለት ደቂቃ ይበቃል። ልጆቹን ግን አቁማችሁ ይቅርታ ተባባሉ አትበሏቸው። እነሱ ጨርሰዋል።

ግቢው ስለ ደንቡ ሲሰበሰብ ይህን ሁሉ አታውሪ። ሰው ይሰለቻል፣ "እሷ ደግሞ ልጇን ልታስጥል ነው" ይባላል። የተገፋው ልጅ እናት ከጎንሽ ብትቀመጥ ግን ይህን የሚል አይኖርም፤ ይቅርታውን ከስብሰባው በፊት አድርሺው የምልሽ ለዚህም ጭምር ነው። ሁለታችሁ አንድ ነገር ብታቀርቡ ኮሚቴው መነሻ የሚያደርገው ጠብ አይኖረውም። የምታቀርቡት ነገር አጭር ይሁን። ኳስ በተለየ ጥግ፣ በታወቀ ሰዓት ይፈቀድ። የተሰበረ ዕቃ ይከፈል። ለጠብ የመጀመሪያው እርምጃ ንግግር ይሁን፣ ቅጣት ካስፈለገም ከአንድ ቀን ይጀምር። የገንዘብ ቅጣቱ ይውጣ። ልጆቹ ራሳቸው ተሰብስበው የጨዋታውን ሕግ ይጻፉና ግድግዳ ላይ ይለጥፉ። በአንድ ልጅ ላይ ተደጋግሞ የሚፈጸም ማሾፍና ማግለል በደንቡ ውስጥ ይጠቀስ፤ የማንም ልጅ ስም ግን በስብሰባው ላይ አይነሳ። በተለይ የሁለተኛ ፎቁ ልጅ። ልጁ የስብሰባ አጀንዳ ከሆነ በማግስቱ ጭራሽ አይወርድም።

ሰዓቱ ላይ ክርክር ይኖራል። ሌሊት ሥራ አድሮ ቀን የሚተኛ፣ ሕፃን ያለው፣ የታመመ ሰው ይኖራል። እነሱ የሚሉትን ስሚ። እዚያ ላይ ብትለሳለሺ ሌላው ላይ ይለሳለሱልሻል።

ረቂቁ እንዳለ ቢጸድቅስ? ያኔም ዝም ብለሽ አትፈርሚ። የሚያበቃበት ቀን እንዲጻፍበት ጠይቂ። ቀን ያልተጻፈበት ደንብ ያወጡት ሰዎች ሁሉ ቤት ቀይረው ከሄዱ በኋላም ግድግዳው ላይ ይኖራል፤ ለምን እንደወጣ የሚያስታውስ ግን አይገኝም። እምቢ ካሉሽ ከፊርማሽ ጎን በእጅሽ "ለሁለት ወር ሙከራ ብቻ እስማማለሁ፤ በገንዘብ ቅጣቱ አልስማማም" ብለሽ ጻፊበት። ፎቶ አንሺው፤ አንድ ቅጂም አንቺ ጋ ይቅር።